ከብልሽት በኋላ ያለችው ሰዓት

በቦንጋ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ቪዲዮ ቤቶች ነው። ከፎቶ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ወጣቶች አንድ ካሜራ፣ አንድ ኮምፒውተርና ጥቂት ሃርድ ዲስክ ይዘው ስለሚሠሩባቸው ቤቶች። እዚህ ቦንጋም፣ ዋቻም፣ ሺሺንዳም አሉ። ሰርግና ምርቃት የሚቀርጹልን እነሱ ናቸው። በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የሚዘፍን ልጅ ክሊፕ ሲያምረው ወደ እነሱ ይሄዳል። በለቅሶም በተዝካርም ከጥግ ቆመው ይቀርጻሉ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቦንጋ የአስተዳደር መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ደግሞ ስብሰባውም እንግዳውም በዝቷልና እነሱም በየአዳራሹ ይጠራሉ።

ሙያው ለሌለው ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል የሚል አይጠፋም። ይህን የምናገረው የሁላችንም ነገር እነሱ እጅ ስላለ ነው። የአባታችሁ ድምፅ፣ የእናታችሁ ምርቃት፣ የልጃችሁ የመጀመሪያ ዲግሪ የተቀረጸው በእነሱ ካሜራ ነው። ከዚህ ከፍ ያለ ነገርም አለ። የካፋን ወግና ሥርዓት በስፋት ጽፈው ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ፍሪድሪክ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ ነው። በ1905 እና በ1909 እ.ኤ.አ. እዚህ ድረስ መጥቶ ያየውንና የሰማውን መዘገበ፤ በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሁለት ጥራዝ አሳተመው፣ በጀርመንኛ። የጊምቦ ወይም የዴቻ ልጅ የቅድመ አያቱን ሥርዓት ከዚያ መጽሐፍ ለማንበብ የባዕድ ቋንቋ መማር ነበረበት። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ስለ ማርና ስለ ደን በገዛ አፉ፣ በካፊኖኖ ሲናገር የሚቀርጸው የሰፈሩ ልጅ ነው። ያ ቅጂ ከጠፋ ግን ሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ሄደን የምናገኘው መተኪያ የለም።

ከእነዚህ ልጆች ጋር ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ አሠልጥኛለሁም። ብልሽት የማይገጥመው ቪዲዮ ቤት የለም፤ አዲስ አበባም ሆነ ሆሊውድ እንደዚያው ነው። እኔ ካየኋቸው መካከል ግን ጉዳቱን የማይመለስ ያደረገው በአብዛኛው ከብልሽቱ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ሰዓት በድንጋጤ የተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በዚያች ሰዓት ላይ ያተኩራል።

አንድ ጉዳይ በቅርብ ላሳያችሁ። ጊምቦ ወረዳ ውስጥ ሰርግ ነው። ሙሽራዋ ከወላጆቿ ቤት ልትወጣ ስትል አባትየው ተነሥቶ መመረቅ ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተጠጋ። በግፊያው መካከል አንድ ሕፃን የትሪፖዱን እግር መታው፤ ካሜራው ወደቀ፤ የባትሪው ክዳን ተከፍቶ ባትሪው ተፈነጠረ። ቀራጩ ልጅ አንሥቶ ባትሪውን መልሶ ሲከፍተው ካሜራው ይሠራል፤ ሌንሱም አልተሰበረም። የምርቃቱ ቅጂ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ጓደኛው «ዝም ብለህ ቀጥል፣ ሰው እየወጣ ነው» አለው። ልጁ ሚሞሪውን አወጣ። በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ገፍቶ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ሌላ ሚሞሪ አስገብቶ ሥራውን ቀጠለ። ጥቂት ሴኮንድ ነው የፈጀበት። ያችን ሰርግ ያዳናት ግን ይኸው ነው።

ማታ ቦንጋ ተመልሰው ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት መልእክት መጣ፤ ኮምፒውተሩ «ይህ ዲስክ ችግር አለበት፣ ላስተካክለው?» ይላል። አላስተካከሉትም። በመጀመሪያ የሚሞሪውን ሙሉ ግልባጭ፣ ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው፣ በሃርድ ዲስክ ላይ አወጡ። ከዚያ በኋላ የነካኩት ግልባጩን ብቻ ነው። ግልባጩ ውስጥ ትልቅ ፋይል አለ፤ የትኛውም ማጫወቻ ግን አይከፍተውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ካሜራ ኤምፒ4 በሚባለው ዓይነት ሲቀርጽ ምስሉንና ድምፁን በተከታታይ እየጻፈ ይሄዳል። የቱ ፍሬም የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ ግን በብዙ ካሜራዎች የሚጽፈው ቀረጻው ሲቆም፣ መጨረሻ ላይ ነው። ባትሪው ድንገት ከወጣ ምስሉ አለ፣ ማውጫው የለም። አንትራንክ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ቅንብር የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ስትሰጡት ከእሱ አይቶ የጎደለውን ማውጫ ለመሥራት ይሞክራል። ልጆቹ ጠዋት የሙሽራዋን ልብስ የቀረጹበት ጤነኛ ፋይል ነበራቸው። የአባትየው ምርቃት ከነድምፁ ተገኘ፤ የጎደለው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ናቸው።

ካሜራው በወደቀበት ቅጽበት ቀራጩ የጓደኛውን ምክር ሰምቶ በዚያው ሚሞሪ ላይ መቅረጹን ቢቀጥል ኖሮ አዲሱ ምስል የምርቃቱ ላይ ሊጻፍበት ይችል ነበር። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ የጠፋ ፋይል ግን ላዩ ላይ ሌላ እስካልፈሰሰበት ድረስ ብዙ ጊዜ ይታፈሳል። ፋይል ስንሰርዝ ወይም ሚሞሪ በፍጥነት ፎርማት ስናደርግ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ስሙና አድራሻው ነው። ይዘቱ እዚያው ይቆያል፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ስለሚመዘገብ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ይጻፍበታል። ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስም ሳይፈልግ የይዘቱን ቅርጽ እያየ ይለቅማል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ኤስኤስዲ በሚባለው አዲሱ ዲስክ ላይ ይህ ተስፋ በጣም ጠባብ ነው፤ ዲስኩ የተሰረዘውን ቦታ በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ከኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ሰርግ ሌላ ቅጂ ከሌለው ጠፍቷል ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲያሰማ ደግሞ ምንም ፕሮግራም አይሞከርበትም። ውስጡ ያለው አንባቢ ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው ከ10 ናኖ ሜትር ባነሰ ከፍታ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች ናኖ ሜትር ይቆጠራል። አንባቢው ራስ ከተበላሸ ዲስኩ ኃይል ባገኘ ቁጥር ሳህኑን ይቧጭረዋል። ንቀሉት፤ አትክፈቱት፤ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት የሚለውን ወሬም አትስሙ። ውስጡ ጤዛ ይይዝና የተረፈውንም ይጨርሰዋል። እንዲህ ላለው ዲስክ ከአቧራ በጸዳ ክፍል ውስጥ የሚከፍተው ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ለእኛ ደግሞ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዚህ ርቀት ትርጉም ግልጽ ነው፤ ሌላው በጥገና የሚያድነውን እኛ በጥንቃቄ ማዳን አለብን።

ወደ ዝናባችን ልምጣ፤ በሌላ አገር መጽሐፍ በበቂ የማይጻፈው ይህ ነው። ካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅነት የመዘገበው ደናችን፣ ቡናችን፣ ማራችን ሁሉ የዚህ እርጥበት ልጆች ናቸው። ያው እርጥበት የሌንስ ጠላት ነው። አየሩ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ለቀናት ከቆየ በሌንሱ መስተዋቶች መካከል ሻጋታ ይበቅላል። መጀመሪያ ስትመለከቱት እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ነው፤ ከሌንሱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል ይዘረጋል። ምስሉ ላይ ወዲያው አይታይም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ብቻ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይመጣል። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ካሜራው «አረጀ» ይሉና ያልፉታል። ሻጋታው ግን አሲድ እያወጣ የመስተዋቱን ሽፋን ይበላዋል፤ አንዴ ከበላው በኋላ ቢጸዳ እንኳ ጠባሳው አይለቅም።

በጣም የሚጎዳው ባለቤቱ የሚወደው፣ በቆዳ ቦርሳ ተሸፍኖ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ሌንስ ነው። ጨለማና እርጥበት፣ ያልተንቀሳቀሰ አየር፤ ሻጋታው ከዚህ ሌላ የሚፈልገው የለም። በየቀኑ የሚሠራበት ሌንስ ብርሃንና ነፋስ ስለሚያገኝ የተሻለ ይቆያል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ክዳኑ በላስቲክ የሚጠብቅ፣ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ እርጥበት የሚጠጡት የሲሊካ ጄል ጥራጥሬዎችና አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። መለኪያዋ ከ40 እስከ 50 በመቶ ስታሳይ ደኅና ነው። ጥራጥሬዎቹ ጠጥተው ሲጠግቡ ቀለማቸው ይለወጣል፤ ሰማያዊው ሮዝ ይሆናል። ያኔ ይሞቃሉ፤ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ፣ በዝግታ፤ ከዚያ እንደገና ይሠራሉ። ልብ በሉ፣ ቡና የምትቆሉበት ምጣድ ላይ እንዳታሞቋቸው። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት የሚባል መርዛማ ነገር አለበት፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን አሮጌ ብረት ድስት ለዩለት።

ባርታ ፏፏቴ ወይም ማንኪራ ደን ሄደው የሚቀርጹ ልጆች ደግሞ ሌላ ልማድ ያስፈልጋቸዋል። ወደ ቆላው፣ ወደ ጎጀብ በኩል፣ ሲወረድም እንዲሁ ነው። ከቀዝቃዛ ቦታ ወጥቶ ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ የገባ ካሜራ ወዲያው ላብ ያወጣል። ከቦርሳው ሳታወጡት፣ ፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ፣ የአካባቢውን ሙቀት እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁት። ውኃ የነካውን ካሜራ «ይሠራ ይሆን?» ብሎ መክፈት ከዝናቡ ይልቅ ይጎዳዋል፤ ባትሪው ይውጣ፣ ክዳኖቹ ይከፈቱ፣ ጊዜ ይሰጠው። ይህ ሁሉ ያው የመጀመሪያዋ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ እጃችን ለመክፈት ሲቸኩል እንያዘው።

መብራት የሁላችንም ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ግን ሦስት የሚምታቱ ዕቃዎች አሉ። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ይጠፋል። ዩፒኤስ ለጥቂት ደቂቃ ያቆያል፤ የተገዛውም ሥራውን ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንድትዘጉ ነው። ብዙ ቤት ግን እስኪያፏጭ፣ እስኪሞት ድረስ ኤዲት ያደርግበታል። ዲቫይደር ደግሞ ሶኬት ከማብዛት በቀር ምንም አይጠብቅም። መብራት ሲመጣ የመጀመሪያው ግፊት ኃይለኛ ስለሚሆን ዕቃውን ነቅሎ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል። አቅሙ ላነሰ ቤት የምመክረው ኤዲቲንጉን በላፕቶፕ ማድረግን ነው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ ፕሮክሲ የሚባለውን፣ ማለትም የከባዱን ቪዲዮ ቀለል ያለ ግልባጭ ሠርቶ በሱ ኤዲት ማድረግና መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው መመለስ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ባለ 4ኬ ሰርግ እንዲህ እየተሠራ ሲያልቅ አይቻለሁ።

መብራትን ካነሣን አይቀር፣ ቪዲዮ ላይ እየተንሸራተተ የሚያልፈውን ጥቁር መስመር የምታውቁት ይመስለኛል። ያ ብልሽት አይደለም። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል፤ ካሜራው ደግሞ 60 ዙር ላለው አገር ተቀንብሮ መጥቶ ይሆናል። ፓል የሚለውን መርጦ በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን አንድ ሃምሳኛ ማድረግ ይበቃል። ለዚህች ነገር አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ልቤን ያሳዘነው ገንዘቡ ነው።

ትናንሽ ናቸው ተብለው የሚታለፉ ሌሎች ሦስት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ሐሰተኛ ሚሞሪ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ባይት የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 8 ብቻ የሆነ ካርድ ገበያ ላይ አለ። ካርዱ ራሱ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል፤ 8ቱ ሲሞላ መቅረጹን ይቀጥላል፣ የተቀረጸው ግን የትም አይገባም ወይም የቀደመውን ያጠፋዋል። የሚታወቀው ሰርጉ ካለቀ በኋላ ነው። አዲስ ካርድ በተገዛ ዕለት ኤችቱቴስትደብሊው ወይም ኤፍ3 በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ጢም ብሎ እስኪሞላ ተጽፎበት ይመርመር፤ ሳይመረመር ሰርግ አይሂድ። ሁለተኛው ከደንበኛ ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ ነው። ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቹ ሁሉ አቋራጭ ሆነው ይታያሉ። ብዙ ሰው «ጠፋ» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል። ፋይሎቹ ግን ብዙ ጊዜ አሉ፤ ቫይረሱ ደብቋቸዋል፤ የተደበቀውን አሳይ የሚለውን ትእዛዝ ለኮምፒውተሩ መስጠት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሦስተኛው ፊደላችን ነው። የሙሽሮቹ ስም በሚያምር ጽሑፍ ተጽፎ ኤዲቲንግ ውስጥ ሲገባ ባዶ ሣጥን ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ነበራቸው። በድሮው የፓወር ግእዝ አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጥ የሚበላሸው ለዚህ ነው። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ፎንቶች ተጠቀሙ። ስሟ በገዛ ሰርጓ ቪዲዮ ላይ ሣጥን ሆኖ የወጣባት ሙሽራ ቅሬታዋ ትክክለኛ ነው።

አሁን ወደ ባክአፕ፣ ማለትም ወደ መጠባበቂያ ቅጂ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ «ቶይ ስቶሪ 2» የሚለውን ፊልም እየሠራ ሳለ አንድ ሰው ፋይል የሚሰርዝ ትእዛዝ በተሳሳተ ቦታ ሰጠ። ሠራተኞቹ ዐይናቸው እያየ የፊልሙ ገጸ ባሕርያት አንድ በአንድ ከኮምፒውተሩ ጠፉ፤ 90 በመቶ ያህሉ ሥራ ሄደ። ባክአፕ ነበራቸው። ሲከፍቱት ግን ለሳምንታት በትክክል ሳይሠራ ቆይቷል፤ ማንም ሞክሮት አያውቅም ነበር። ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሱስማን የተባለች የቴክኒክ ኃላፊ ናት። ልጅ ወልዳ ስለነበር ቤቷ ሆና ትሠራ ነበርና የፊልሙ ግልባጭ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተገኘ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መኪናውን በቀስታ እየነዱ አመጡት።

ይህን ታሪክ የምናገረው ትልቁ ስቱዲዮም ይሳሳታል ለማለት ብቻ አይደለም። ፊልሙ የዳነው በአራስ ቤት ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ከነበረው መሣሪያ ሁሉ ይልቅ የጠቀመው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ጣሪያ ሥር የነበረ አንድ ግልባጭ ነው። ይህን ደግሞ ቦንጋ ያለ ቪዲዮ ቤትም ማድረግ ይችላል። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስተዋወቀው ሕግ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ ሲባል ሰዎች ኢንተርኔት ላይ መጫን ብቻ ይመስላቸዋል። አንድ ሰርግ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ መስመር መጫን ቀርቶ ማሰቡም ያደክማል። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ እናታችሁ ቤት ይቀመጥ። ጅማ የሚኖር ወንድም ካላችሁ በወር አንድ ጊዜ ይላክለት። ሌባ ቢገባ፣ እሳት ቢነሣ፣ ጣሪያው ቢያፈስ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቀን አይጠፉም። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ከባክአፑ ላይ አንድ ሰርግ መርጣችሁ ክፈቱና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። ያልተከፈተ ባክአፕ አለ ብዬ አልቆጥርም።

ወጪው አይከብድም ወይ? ይከብዳል። ስለዚህ ለደንበኞች፣ ማለትም ለእናንተ፣ በግልጽ ልናገር። ቪዲዮ ቤቶቹ ሰርግ ሲዋዋሉ በዋጋው ላይ የሃርድ ዲስክ ድርሻ ቢጨምሩባችሁ አትቆጡ። ጥራቱን ለማየት «ስንት ካሜራ አለህ?» ብለን እንጠይቃለን። «ቅጂውን የት የት ታስቀምጣለህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ጥያቄ ብትጠይቁ የከተማው ሥራ ሁሉ ይሻሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሣሪያ አይደለም፤ ለደንበኛው መናገር ነው። ፋይል ሲጠፋ የልጆቹ የመጀመሪያ ስሜት መደበቅ ነው። «ኤዲቲንግ ላይ ነው» ይላሉ። ከዚያ «መብራት የለም» ይላሉ፤ ከዚያ ስልክ አያነሡም። ሳምንቱ ወር ይሆናል። በዚያ ወር ውስጥ የሚጠፋው ደግሞ ከዲስኩ የጠፋው ብቻ አይደለም። ሰርጉ ላይ የነበሩ እንግዶች በስልካቸው ቀርጸዋል፤ የሙሽራዋ አክስት፣ የሚዜው ጓደኛ፣ ከሚዛን የመጣው ዘመድ። ስልካቸው ሲሞላ ያጠፉታል። በመጀመሪያው ቀን ለቤተሰቡ እውነቱ ቢነገር ኖሮ በማግሥቱ የእንግዶቹ ቅጂ በተሰበሰበ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዚያው ሳምንት፣ እነሱ ሳይጠይቁ፣ የቤቱ ኃላፊ ራሱ ይሂድ፤ ትንሹን ልጅ አይላክ። ብቻውን መሄድ ከከበደው ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ይዞ ይሂድ፤ ይህ በባህላችን ያለ መንገድ ነው። የተረፈውን ይዞ ይሂድ፤ የጠፋውን በስሙ ጠርቶ ይንገር፤ የጠፋው ዋናው ክፍል ከሆነ ቀብዱን ይመልስ። ከዚያ የእንግዶቹን ስልክ ለመሰብሰብ ፈቃድ ይጠይቅ። ቅጂው በቴሌግራም ሲላክ «እንደ ፋይል» ብለው እንዲልኩት ይንገራቸው፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። የስልክ ቪዲዮ የፍሬም ፍጥነቱ ወጥ ስላልሆነ ኤዲቲንግ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ከአፍ እየራቀ ይሄዳል፤ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መጀመሪያ ወጥ ፍጥነት ላይ ይለወጥ። ከብዙ ስልኮች ተሰብስቦ የተሠራ የመልስ ቪዲዮ አይቻለሁ። ጥራቱ ከካሜራው አይደርስም፤ ቤተሰቡ ግን ዘመዶቹ ሁሉ እንደሠሩለት ቆጥሮ ተቀበለው።

ደንበኛውም ድርሻ አለው። ልጁ መጥቶ እውነቱን ሲናገር ሰፈር ለሰፈር ስሙን ካጠፋነው ቀጣዩ ልጅ ይደብቃል። መቆጣት መብታችሁ ነው፤ የጠፋው የእናንተ ነውና። ግን በመጀመሪያው ቀን የመጣውንና ሦስት ወር የተደበቀውን እኩል አትዩአቸው።

በመጨረሻ ስለ ድሮዎቹ ካሴቶች ልናገር፤ እንደ እኔ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ይህ ነው። በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ የቪኤችኤስና የሚኒ ዲቪ ካሴቶች አሉ። አንዳንዶቹ ላይ ዛሬ በሕይወት የሌሉ የካፋ ሽማግሌዎች በካፊኖኖ ይናገራሉ። ካሴት እዚህ አየር ውስጥ ብዙ አይቆይም። በካሴቱ መስኮት በኩል የተጠቀለለውን ቴፕ ጠርዝ እዩት፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። የሻገተ ካሴት ማጫወት የማጫወቻውን ራስ መበከል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ሁሉ ያበላሻል። የሚኒ ዲቪ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ወደ ኮምፒውተር የሚገባው ፋየርዋየር በሚባል ገመድ ነው፤ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ማስገቢያው የላቸውም። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማፍጠኛ የለውም፤ ሲገባ 13 ጊጋ ባይት ያህል ይሆናል።

ለአንድ ቪዲዮ ቤት ይህን ሁሉ መሸከም ከባድ ነው። በጋራ ግን ይቻላል። የሚያስፈልገው የሚሠራ አንድ የቪኤችኤስ ማጫወቻ፣ አንድ የሚኒ ዲቪ ካሜራ፣ የፋየርዋየር ማስገቢያ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። የከተማው ቪዲዮ ቤቶች በፈረቃ ይገልብጡ። አንዱ ዲስክ ባለቤቶቹ እስከፈቀዱ ድረስ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወይም በከተማው የቡና ሙዚየም እንዲቀመጥ እንጠይቅ፤ ሁለተኛው ሌላ ቦታ ይሁን። ቅድሚያ የሚሰጠው ሽማግሌዎች በካፊኖኖ ለሚናገሩባቸው፤ ከዚያ ለቀብርና ለሰርግ፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

የሚሠራ ማጫወቻ ወይም የድሮ ሚኒ ዲቪ ካሜራ ቤቱ ያለ ሰው ከመውጣቱ በፊት በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ስሙን ያስመዝግብ። ካሴት ያላችሁ ደግሞ አሁኑኑ ለማጫወት አትሞክሩ። ካሴቱን ከወለልና ከግድግዳ አርቁ፤ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ላዩ ላይ ማን እንደሚናገርበትና የት እንደተቀረጸ በእርሳስ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ጽሑፉን ዛሬ ማታ ጻፉት፤ የሚያውቀው ሰው አጠገባችሁ ሳለ።